ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ለሚውል ቤት የተሠራ ንድፍ፦ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ቤተሰብ ማረፊያ

ሐዋሳ ላይ ትንሽ ገንዘብ የያዘ ሰው ሁሉ አሁን አሁን «ወጣ ያለ ቦታ» ይፈልጋል። ከተማው ሞቀ፣ ባጃጁ በዛ፣ ሐይቁ ዳር በሎጅ ተያዘ። ስለዚህ ዓይን የሚያርፈው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወንዶ ገነት ኮረብቶች ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴም ፍል ውሃውን ወደውት ወንዶ ገነት ላይ ማረፊያ ነበራቸው። አዲሱ ነገር ተራው ቤተሰብም በአርክቴክት ማሠራት መጀመሩ ነው።

ይህ የአንድ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ስማቸውንም ቀበሌውንም አልጠቅስም። ንድፉን የሠራችው አንዲት ሐዋሳ የምትኖር አርክቴክት ናት፤ እኔ ሳይቱን እየተከታተልኩ ነበር። ቤቱ አልቆ ሰው ገብቶበታል፤ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ አሁን ላይ ሆኖ መናገር ይቻላል።

ቤተሰቡ እንዲህ ነው። አባትና እናት ሐዋሳ ናቸው፣ ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል። ትልቁ ልጅ አዲስ አበባ ይነግዳል። ሴቷ ልጅ ውጭ ናት። ትንሹ ገና እዚሁ ይማራል። ቦታው አያት ያለሙት የቡናና የእንሰት ማሳ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ከታች ጨለለቃ ረግረጉን፣ ከዚያ ወዲያ ሐይቁን የሚያይ። ማሳውን እስከ ዛሬ የሚያርሰው የአባትየው ታናሽ ወንድም ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩም በእሱ ስም ነው።

ይህን ደብተር ነገር ቀድሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በገዛ ገንዘብ የተሠራ ቤት ግን የሠሪው ንብረት ነው። እንግዲህ ቤቱ የወንድምየው ልጆች፣ መሬቱ በአጎትየው እጅ፣ አጎትየው ደግሞ የራሱ ልጆች አሉት። አርክቴክቷ እርሳስ ሳታነሳ በፊት «ይሄን ጨርሳችሁ ኑ» አለቻቸው። ትልቁ ልጅ ደስ አላለውም፤ «አንቺ ቤቱን ንደፊ፣ የቤተሰቡን ጉዳይ ለእኛ ተይው» ብሏት ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ባለበት ተቀምጠው ተፈራረሙ። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ቡናው የማን እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ሳይኖር ቁልፉ ማን እጅ እንደሚሆን ሁሉ ወረቀት ላይ ሰፈረ። በእኔ እምነት ከፕሮጀክቱ ወጪ ሁሉ ርካሹና ዋጋ ያለው ነገር ይህ ወረቀት ነው።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ትልቁ ልጅ ከኢንተርኔት ያወረደውን ፕላን ስልኩ ላይ ይዞ ነው የመጣው። ጂ ፕላስ ዋን፣ ሰባት መኝታ ቤት፣ ኮረብታው አናት ላይ፣ ወደ ሐይቁ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት። ሴቷ ልጅ ደግሞ የፎሊንግዋተርን ፎቶ ላከች፤ ፍራንክ ሎይድ ራይት ፔንስልቬንያ ጫካ ውስጥ ለካውፍማን ቤተሰብ ፏፏቴ ላይ የሠራው ዝነኛ ማረፊያ ቤት ነው። አርክቴክቷ ፎቶውን አይታ ሳቀች። «ይሄ ቤት በጣም ያምራል» አለች፣ «ግን ወደ ወንዙ የወጡት ሰገነቶች ገና ከመነሻው መዝመም ጀምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ገመድ ተወጥረው ነው የዳኑት። ቤተሰቡም በ1963 ለተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ሰጥቶታል። እናንተ ለማን ነው የምትሰጡት?»

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ ጠቅላላ ንድፉ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። «ቤቱ በዓመት ስንት ቀን ሰው ያድርበታል?»

ቆጠሩ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ሴቷ ልጅ በክረምት ስትመጣ ሁለት ሳምንት፣ እዚህም እዚያም ቅዳሜና እሁድ። ቢያበዙት ሃምሳ ቀን አልሞላም።

«እንግዲያው እኔ የምነድፈው ለቀሪው ሦስት መቶ ምናምን ቀን ነው» አለች።

ልጆቹ ቀልድ መሰላቸው። ግን አስቡት። ከከተማ ርቆ የሚሠራ ቤት ጠላቱ እንግዳ የሚበዛበት የበዓል ሰሞን አይደለም፤ ማንም የሌለበት ጥርና የካቲት ነው። ምስጥ የሚገባው ያኔ ነው። የሌሊት ወፍ ኮርኒስ ውስጥ የሚሰፍረው፣ ዲናሞ የሚሰረቀው፣ የተሰነጠቀች ቧንቧ ሮቶውን ሙሉ ባዶ የምታደርገው ያኔ ነው። ሐዋሳ ዙሪያ በብዙ ብር ተሠርተው በአምስት ዓመት ውስጥ ያረጁ እንዲህ ያሉ ቤቶችን አይቻለሁ፤ ኗሪ አጥተው ነው ያረጁት።

ስለዚህ አንዱ ትልቅ ቪላ ቀረና ሦስት ትንንሽ ቤቶች ሆኑ፣ ሁሉም ባለ አንድ ወለል። አንዱ የወላጆቹ ነው፤ መኝታ፣ መታጠቢያ፣ ትንሽ ሳሎን። ሁለተኛው የልጆቹና የእንግዳው። ሦስተኛው ግድግዳው ግማሽ የሆነ ሰፊ በረንዳ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚበላውም፣ ቡና የሚፈላውም፣ ካርታ የሚጫወቱትም እዚያ ነው። ሁለት ሰው ሲመጣ አንዱ ቤት ብቻ ይከፈታል። ሌላው እንደተቆለፈ ይቆያል። ማጽዳቱም ቀላል ነው፣ መጠገኑም።

ቦታውም ከአናት ወረደ። አናቱ ላይ ነፋሱ ከባድ ነው፣ ውሃ ወደ ላይ መግፋት ዲናሞ ይፈልጋል፣ መንገዱ ይረዝማል። ከሁሉም በላይ ግን ከቤቱ የሚታየው ሐይቅ ምዕራብ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ መስታወት ቤቱን ምድጃ ያደርገው ነበር። አርክቴክቷ የመረጠችው ድሮ የከብት በረት የነበረበትን ሜዳ ነው፤ አንድም የቡና እግር ሳይቆረጥ፣ ትልቁ ዝግባ ከምዕራብ በኩል ጥላ እንዲሆን አድርጋ። ሐይቁ የሚታየው ከበረንዳው ጥግ ብቻ ነው። አባትየው በዚህ እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል። «ሐይቅ ለማየት ወንበር ላዞር ነው?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ያዞራሉ።

አሁን ወደ ውሃው ልግባ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ጉድጓድ ማስቆፈር ነበር። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ጉድጓድ ሲባል ፍሎራይድ አብሮ መታሰብ አለበት። የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የቆየ ውሃ፣ በተለይ ሞቅ ያለው፣ ፍሎራይድ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ጥርሳቸው የበለዘ ልጆችን ያየ ያውቀዋል፤ ሲብስ አጥንትም ይጎዳል። ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። ቆፍሮ፣ አስመርምሮ፣ ካልሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ መቆፈር ለአንድ የበዓል ቤት የሚያዋጣ አልነበረም።

የዝናብ ውሃ ግን ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ሂሳቡም ቀላል ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ሐዋሳ በዓመት ከ900 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ ወደ ኮረብታው ሲወጡ ደግሞ ይጨምራል። የሦስቱ ቤቶች ጣሪያ ሲደመር 220 ካሬ ሜትር ነው። በ1,000 ሚሊ ሜትር ብናሰላው 220,000 ሊትር፤ የሚረጨውንና የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 176,000 ሊትር በዓመት። ችግሩ መጠኑ አይደለም፣ ወቅቱ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ያጠራቀሙትን ነው የሚጠጡት።

በዚያ ጊዜ ውሃውን በየቀኑ የሚጠቀመው ማነው? የአጎትየው ቤተሰብ። አምስት ሰው ናቸው፤ ለሰው 30 ሊትር ብንይዝ በቀን 150 ሊትር፣ በአራት ወር 18,000 ሊትር። ገና ደግሞ ድርቁ መሃል ላይ ነው የሚውለው፤ አሥራ ስድስት ሰው አምስት ቀን ቢሰነብትና እያንዳንዱ 50 ሊትር ቢጠቀም 4,000 ሊትር። ስለዚህ አሥር አሥር ሺህ ሊትር የሚይዙ ሦስት ሮቶዎች ተተከሉ፤ ትርፉ ለመጠባበቂያ ሆነ። ዝናቡ ሲጀምር አቧራና የወፍ ኩስ የያዘው የመጀመሪያው ውሃ ለብቻው እንዲፈስስ ተደርጓል። ለመጠጥ የሚሆነው ይጣራል፣ ይፈላል።

የመጀመሪያው ሮቶ የቆመው ግን ከአዲሱ ቤት ጎን አይደለም፤ ከአጎትየው ቤት ጎን ነው። ጣሪያውም በዚሁ ገንዘብ ታደሰ። ትልቁ ልጅ ይህን ሲሰማ ስልክ ደውሎ ጮኸ፤ «ቤት ልንሠራ ነው ወይስ ዕርዳታ ልንሰጥ?» አለ። መልሱን የሰጡት እናትየው ናቸው፦ «አጎትህ ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ሲወርድ የአንተን ቤት ማን ይጠብቅልሃል?» ነገሩ በዚሁ አበቃ። አርክቴክቷ ይህን ብትለው ኖሮ ሌላ ወር ይከራከሩ ነበር።

ውሃው የጣሪያውን ክርክርም ጨረሰው። ሴቷ ልጅ ሳር ክዳን ነበር የፈለገችው፤ ሎጅ ላይ የምናየውን ዓይነት። ሳር ክዳን ያምራል፣ ይቀዘቅዛል። ግን በየጊዜው የሚያድሰው ሰው ይፈልጋል፣ ውስጡ ጭስ ካልታጠነ ነፍሳት ይገቡበታል፣ እሳት ከያዘው አይተርፍም፣ ከእሱ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ሻይ ይመስላል። ቆርቆሮ ሆነ። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ ጠርዙ በሁሉም አቅጣጫ በደንብ ወጣ ያለ።

የቆርቆሮ ችግሩ ሙቀቱና ድምፁ ነው። ለዚህ የተገኘው መላ የቀርከሃ ኮርኒስ ነው። ቀርከሃው የመጣው ከሲዳማ ደጋ ነው፤ የሠሩትም ከዚያው የመጡ ሸማኞች ናቸው፣ ማለቴ ቀርከሃ የሚሸምኑ ሰዎች። የሲዳማን ባህላዊ ቤት ያየ ሰው እጃቸውን ያውቀዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በነቀዝ ነው። ቀርከሃ ውስጥ ያለው ስታርች ለነቀዝ ምግብ ነው፤ ለጋውን ቆርጠው ያለ ምንም ሕክምና ከሰቀሉት ብዙ ሳይቆይ ዱቄት ከላይ እየወረደ ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ያለፈው ብቻ፣ ያውም በበጋ ተቆረጠ፤ ከዚያ ቦሪክ አሲድና ቦራክስ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ተነከረ። ፎርማኑ «ይሄ ሁሉ ለኮርኒስ?» ብሎ ሲያጉረመርም ነበር። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሃል አየር ያልፋል፤ መግቢያው ሁሉ ደግሞ የሌሊት ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ተዘግቷል። ዝናቡ ሲወርድ አሁንም ይሰማል፤ ግን ሰው ሲያወራ ይሰማማል።

ግድግዳው እስከ መስኮት ልክ ድንጋይ ነው፣ ከዚያ በላይ ብሎኬት። ሁለት ቦታ ላይ ዙሪያውን የአርማታ ቢም ታስሯል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ ጥር 2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ የተሰማውን መንቀጥቀጥ የሚያስታውስ ሰው ይህን ወጪ አይከራከርም። ሶሌታ የለም፤ ከላይ ያለው ቀላል ነው። ሲሚንቶ እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ስለተሠራ ይህም አግዞናል።

ማድ ቤቱን ግን በአንድ መስመር ማለፍ አይቻልም።

ትልቁ ልጅ ክፍት ኪችን ፈለገ፤ ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ፣ መሃሉ ላይ ባንኮኒ ያለው። እናትየው ፕላኑን ገልብጠው ገልብጠው አዩና «የኔ ልጅ፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ልንታጠን ነው?» አሏት አርክቴክቷን። ቀጠሉና «ደግሞ ዶሮው የት ነው የሚገነጠለው? በጉስ?» አሉ። እሷም እስክሪብቶ አወጣች። ብዙ ቆንጆ ቪላ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። አራት ሚሊዮን ብር የፈጀ ቤት በር ላይ፣ ሴራሚኩ ላይ ካርቶን ተነጥፎ በግ ሲገፈፍ አይቼ አውቃለሁ።

እናም ከበረንዳው ቤት ጀርባ፣ ነፋሱ ጭሱን በሚወስድበት በኩል፣ ሰፊ ማድ ቤት ተሠራ። ጭስ ማውጫ ያለው የእንጀራ ምድጃ፣ ተቀምጦ የሚሠራበት ዝቅ ያለ ቦታ፣ ቆሞ የሚሠራበት ከፍ ያለ ቦታ። ከጎኑ የሲሚንቶ ወለል፣ የብረት መስቀያ፣ ቧንቧና ለብቻው የሚወርድ ፍሳሽ፤ በግ የሚታረደው እዚያ ነው። ልጁም አልቀረበትም፤ እንግዳው ቤት ውስጥ ሻይና ቁርስ የሚያበስልባት ትንሽ ኪችን ተሰጥቶታል። በበዓል ቀን ግን እሱም የሚገኘው ማድ ቤት በር ላይ ነው፤ ጥብሱ ያለው እዚያ ነዋ።

መብራቱ ሶላር ነው፤ መስመሩ እስከዚያ አልደረሰም ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ያንን በሶላር ልቻል ማለት የባትሪውን ዋጋ ማናር ነው። አምፖል፣ ስልክ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፤ ከዚህ አያልፍም። አንድ ያልታሰበ ነገር ተፈጠረ፦ ቤተሰቡ ሳይኖር የሰፈሩ ስልክ ሁሉ እዚያ ቻርጅ መደረግ ጀመረ። ባትሪው በየማታው ባዶ እየሆነ ትልቁ ልጅ ሶኬቱ ይቆለፍ አለ። አርክቴክቷ ደግሞ ለአጎትየው ቤት አንድ ለብቻው የሆነ ፓኔልና ባትሪ ይገዛ አለች። ተገዛ። አጎትየው አሁን ለቻርጅ ትንሽ ሳንቲም ይቀበላል፤ የቤቱም ባትሪ ተረፈ።

አጥሩም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ጥያቄው ዙሪያውን የድንጋይ ግንብ ነበር፣ ላዩ ላይ ሽቦ። ማሳውን አቋርጦ ግን የሰፈሩ ሰው ወደ ወፍጮ የሚሄድበት የእግር መንገድ ያልፋል። ያንን መዝጋት ማለት ከጎረቤት ጋር በመጀመሪያው ቀን መጣላት ነው። ግንቡ ቀርቶ ቅንጭብና ኮሽም ተተከለ፤ መንገዱ ግን ወደ ጠርዝ ትንሽ ተገፍቶ እንዳለ ቆየ። በቀን ስንት ሰው በዚያ ያልፋል! የማያውቁት ሰው ግቢው ውስጥ ካዩ አጎትየውን ይጠራሉ። ይህን አገልግሎት የሚሰጥ ግንብ የለም።

ያልተሳካው መንገዱ ነው። አርክቴክቷ መኪና ከታች ቆሞ የመጨረሻው ዳገት በእግር እንዲወጣ ነው የነደፈችው፤ አፈሩ እንዳይታጠብና ግቢው ጸጥ እንዲል። በበጋ ደስ ይላል። በክረምት ግን ቀዩ አፈር ሲርስ ሳሙና ነው፤ አባትየው ደግሞ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ባለፈው ክረምት ደጋግፈው ነው ያወጧቸው። እሷ እስከ ዛሬ ንድፉን ትከላከላለች፤ እኔ በዚህ ከእሷ ጋር አልስማማም። ለወላጆች የሚሠራ ቤት እስከ በሩ መኪና ማስገባት አለበት። አሁን ዳገቱ ላይ የጠጠር ንጣፍና የድንጋይ ደረጃ ከመደገፊያ ብረት ጋር እየተሠራ ነው፤ ግማሽ መፍትሔ ነው።

አሁን ያለው አዲሱ ክርክር የመዋኛ ገንዳ ነው። ሴቷ ልጅ ገንዘቡን ልላክ ብላለች፤ ስምንት ሜትር በአራት፣ ሐይቁን እያዩ የሚዋኙበት። አባትየው ወንበር ሳያዞሩ ሐይቅ ሊያዩ ስለሆነ ደግፈዋታል። አርክቴክቷ እምቢም እሺም አላለችም፤ ሂሳቡን ብቻ ላከችላቸው። በእኛ አካባቢ ከተከፈተ ውሃ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይተናል። 32 ካሬ ሜትር ገንዳ ላይ ይህ 160 ሊትር ነው፤ የአጎትየው ቤተሰብ በቀን ከሚጠቀመው 150 ሊትር ይበልጣል፣ ያውም ማንም በማይዋኝበት ቀን ጭምር። ትልቁ ልጅ አራተኛና አምስተኛ ሮቶ እንጨምር እያለ ነው። እናትየው ደግሞ ሮቶዎቹ ይጨመሩ፣ ገንዳው ግን ይቅር ብለዋል፤ ድምፁ ሦስት ለአንድ ነው፣ ትንሹ ልጅ ገና አልመረጠም።